ሦስተኛው መደርደሪያ

ቂመኛ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። እናቴ "ይቺ ልጅ የተቆነጠጠችበትን ቀን ከነሰዓቱ ታውቀዋለች" ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ የአንድ ፋብሪካ ኮምፒውተር እስኪበላሽ ድረስ በጉጉት የጠበቀች ሴት አለች ቢሏችሁ፣ እኔ ነኝ። መቼ እንደሚበላሽ አላውቅም ነበር እንጂ የት ላይ እንደሚበላሽና በማን እጅ እንደሚበላሽ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ያንን ሰው ከመንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር "ቆይ ብቻ" እላለሁ በሆዴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ካሉት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ለሁለት ዓመት በኮንትራት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሽመና ክፍሉን ኮምፒውተሮች መጠበቅ ነበር። በየሽመና መኪናው ረድፍ አንዳንድ ኮምፒውተር አለ፤ ክር ሲበጠስ የትኛው መኪና እንደቆመ ለሠራተኛዋ ያሳያታል፣ የተሸመነውንም በሜትር ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ ካልተነሳ መኪናውም አይነሳም። ጦርነቱ ሲያልፍ ሳይዘረፉ የተረፉት ለመሸከም እንኳ ያስጠሉት አሮጌዎቹ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አዳዲሶች መጡ፤ ከአሮጌዎቹ ጎን ተሰለፉ። ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ፕሮግራማቸውንም የሚያነሱት ከአንድ ሰርቨር ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። አሮጌውና አዲሱ አይግባቡም። አንድ ፕሮግራም ከሚረዳው ላይብረሪ፣ ማለትም ከረዳት ፋይሉ፣ ጋር ሲነጋገር ቁጥሩን የት እንደሚያስቀምጥለት፣ መልሱን ከየት እንደሚያነሳ አስቀድሞ የተስማሙበት ደንብ አለ። እኛ ባይናሪ ኢንተርፌስ እንለዋለን። የአሮጌው ደንብ ሌላ፣ የአዲሱ ደንብ ሌላ ነው። የፋይሉ ስም ግን አንድ ዓይነት ነው! የአዲሶቹን ፓኬጅ፣ ማለትም የፕሮግራማቸውን ጥቅል፣ ሰርቨሩ ላይ ስጭን የአሮጌዎቹ ፋይል በላዩ ላይ ይጻፍበትና ይጠፋል፤ ግማሹ አዳራሽ ይቆማል። የአሮጌዎቹን ስመልስ ሌላው ግማሽ ይቆማል። ከሰርቨሩ ክፍል ወደ አዳራሹ ስመላለስ እግሬ ቀጠነ። ክፍላችን ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፣ እኔና አለቃዬ። እኔ ስሮጥ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ "ከምን ደረስሽ?" ይለኛል። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ድካም መጠየቅ የሚችልበት እሱ ብቻ ነው።

የምኖረው ደሴ ነው። በዚያ ሰሞን ጎረቤታችን ልጁን ዳረ፤ እንደ እድራችን ደንብ ወጣቱ ሁሉ ለሥራ ተመደበ፤ እኔም ዕቃ አመላላሽ ሆንኩ። የእድሩን ዕቃ ቤት የያዙት አንዲት እናት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ሙስሊም ናቸው፣ በዕድሜ ከእናቴ ይበልጣሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ በዚያ ላይ እዚያው የእኛ ፋብሪካ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ይሠራሉ። ጥዋት ጥዋት በሰርቪሱ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ነው የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የምንወርደው። ጭጋጉ እስኪያልፍ እሳቸው ዚክራቸውን ይላሉ፣ እኔ እንቅልፌን እጨርሳለሁ።

የዚያን ቀን ትልቁን ሰታቴ ይዤ ስወጣ እግረ መንገዴን አንድ ጭልፋ አነሳሁ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሰታቴው ለየትኛው ወገን ነው?"

"ለክርስቲያኑ።"

"ታዲያ ጭልፋው ምን ቀለም ነው?"

አየሁት። የሰታቴው እጀታ ቀይ ተቀብቷል፣ የጭልፋው ሰማያዊ። ቀዩ የክርስቲያኑ ሥጋ የሚሠራበት ነው፣ ሰማያዊው የሙስሊሙ። እጄን በዚያው ጭልፋ ሊመቱኝ ምንም አልቀራቸውም።

"ወላሂ፣ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እዚህ ቤት ዕቃ ተቀላቅሎ አያውቅም። ባንቺ እጅ ሊቀላቀል?" አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው ሳቁ። "አብሽሪ፣ መልሺውና ትክክለኛውን ውሰጂ።"

ልመልሰው ስገባ ነው ቤቱን አስተውዬ ያየሁት። ግራና ቀኝ ሁለት መደርደሪያ አለ። እዚህ ትልቅ ሰታቴ፣ መካከለኛ ድስት፣ ቢላ፣ ጭልፋ፤ እዚያም ትልቅ ሰታቴ፣ መካከለኛ ድስት፣ ቢላ፣ ጭልፋ። ስማቸው አንድ ነው፣ ቅደም ተከተላቸው አንድ ነው፤ ቤታቸው ብቻ ለየብቻ ነው። መሀል ላይ ደግሞ ሁሉም የሚጠቀምበት ተከምሯል፤ ብርጭቆው፣ የውሃ በርሜሉ፣ አግዳሚ ወንበሩ። እሱ ሁለት አያስፈልገውም፤ አንድ ነው ያለው። በሩ ላይ ደግሞ "ለየትኛው ወገን?" ብለው የሚጠይቁ እሳቸው አሉ። ጭልፋውን እንደያዝኩ የማሽላ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

"እትዬ፣ ሦስተኛ ዓይነት ቢመጣብዎትስ?"

በአገጫቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙኝ። ከሁለቱ አጠገብ አዲስ የተመታ፣ ቀለም ያልነካው እንጨት መደርደሪያ አለ። ላዩ ላይ ጥቂት ድስት ተደርድሯል።

"ይኸው መጣ አይደል? ረቡዕና ዓርብ ለቅሶ ሲገጥም የጾሙ ዕቃ ሥጋ ያልነካው ይሁን አሉ። ሀቃቸው ነው። መደርደሪያ አስመታሁ።"

"ሌላውን አላነሱትም?"

"ያለውን ምን ብዬ እነካለሁ? የነበረው በነበረበት፣ አዲሱ በራሱ ቦታ። ቀለሙ ገና አልተወሰነም እንጂ ቦታውንስ ይዟል።"

እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስዳክርበት የከረምኩትን እሳቸው ጉልበታቸውን እያሻሹ ነገሩኝ። ሰርጉን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ሰኞ ሰርቨሩ ላይ ለአሮጌዎቹ አንድ ፎልደር፣ ለአዲሶቹ አንድ ፎልደር ከፈትኩ፤ ስማቸውን በማሽኑ ዓይነት አወጣሁላቸው። ፋይሎቹ ስማቸውን ሳይቀይሩ በየቤታቸው ገቡ። ሥዕሉ፣ ፊደሉ፣ መመሪያው፣ የሁሉም የሆነው ነገር መሀል ላይ አንድ ቦታ ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ሊነሳ ሲል ደግሞ "አንተ የትኛው ወገን ነህ?" ብሎ የሚጠይቅና ወደየፎልደሩ የሚመራ በረኛ ጻፍኩለት። ፓኬጁን ከአንድ ቦታ አዘጋጅቼ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ አወጣሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዳራሹ ሙሉ ለሙሉ ተነሳ። ከዚያ በኋላ እኔ እስክወጣ አንድም ቀን አልቆመም።

ለአለቃዬ እንዲገባው ብዬ ሠላሳ ገጽ የምትሆን ደብተር ጻፍኩ። ፊት ለፊቱ ላይ በእጄ ሥዕል ሣልኩ፤ ቀይ መደርደሪያ፣ ሰማያዊ መደርደሪያ፣ መሀል ላይ የውሃ በርሜል፣ ከጎን ደግሞ ለወደፊት ብዬ ባዶ ቢጫ መደርደሪያ፣ በር ላይ የቆመ ሰው። የመጨረሻው ገጽ ርእሱ "ሦስተኛ ዓይነት ማሽን ሲመጣ" የሚል ነበር፤ ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ። ኮንትራቴ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። በዚህ ሥራ ቋሚ ሠራተኛ ያደርጉኛል ብዬ ነበር፤ ሞኝ።

አንድ ቀን አለቃዬ "ፕሮጀክተሩን አንቺ ያዢልኝ" አለኝ። ሥራ አስኪያጁና እንግዶች የተሰበሰቡበት ስብሰባ ነው። ጥግ ላይ ቆሜ ቁልፉን እጫናለሁ፤ እሱ ይናገራል። ግድግዳው ላይ የወጣው የእኔ ሥዕል ነው። በእጄ የተጻፈው ፊደል ሳይቀር! ሥራ አስኪያጁ "እንዴት አሰብከው?" ብለው ጠየቁት። ዓይኑን በጨው አጥቦ "ከራሴ ነው ያፈለቅሁት፤ ብዙ ጊዜ አሰላስዬበታለሁ" አላቸው። ተጨበጨበ። "ቀጥዪ" አለኝ፤ ቀጣዩን ገጽ አወጣሁለት። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ቁልፍ መጫኔ ነው።

እሱ የመምሪያ ኃላፊ ሆነ። እኔን ኮንትራቴ ሲያልቅ "እንጠራሻለን" አሉኝ። በመጨረሻው ቀን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ያለችውን ደብተር ገለጥኩና የመጨረሻውን ገጽ ቀድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የገዛ ጽሑፌን ነው የወሰድኩት። ሁለቱ ዓይነት ማሽኖች ይሠራሉ፤ ማንንም አልጎዳሁም። ሦስተኛ ዓይነት የመጣ ቀን ግን ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አልገባውማ። መደርደሪያ መጨመር እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው እኮ ወንበሩ ላይ ሆኖ "ከምን ደረስሽ?" አይልም።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ኮምፒውተር መጠገን ጀመርኩ። እትዬን በእድር ቀን ሳገኛቸው ሰላምታውን ሳልጨርስ "ፋብሪካው እንዴት ነው?" እላለሁ። "አልሐምዱሊላህ፣ ይሽከረከራል" ይሉኛል። አንጀቴ ያርራል። እሳቸው ናፍቃን ነው ብለው ያዝኑልኛል። "ኸይር ነው ልጄ፣ ይጠሩሻል" ይላሉ። እኔ ደግሞ ገጹን ከአልጋዬ ራስጌ ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ በየጊዜው አወጣና አነበዋለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰው በዚያው አፉ፣ በሰው ፊት ቆሞ "የሷ ነው" እንዲል። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ሱቄ ጎራ አሉ። ወግ ሊነግሩኝ ነው የመጡት።

"ዛሬ ጉድ ነው ያየነው። መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር መጣች። አሥር ናቸው አሉ። ልጄ፣ የሳሙና ዕቃ እኮ ነው የሚመስለው።"

እጄ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጥኩ። እንዲህ ያሉትን ትናንሽ ቦርዶች አውቃቸዋለሁ፤ ቺፓቸው ከሁለቱም ዓይነት የተለየ ነው፣ ደንባቸውም ሌላ ነው። ሦስተኛው መጣ ማለት ነው።

በማግስቱ ያ ሰው ያደረገውን ቆይቼ ነው ያወቅሁት። ቦርዶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ከአሮጌዎቹ ጋር ይሄዳሉ ብሎ ፋይላቸውን አሮጌዎቹ ፎልደር ውስጥ ገለበጠው። አሮጌዎቹ ሞቱ። ደነገጠና ሁሉንም አንድ ላይ ላድርገው ብሎ የአዲሶቹንም ፎልደር ነካካው። እነሱም ሞቱ። ቅጂ አላስቀመጠም። በእትዬ ዕቃ ቤት ቋንቋ፣ ሦስቱን ወጥ አንድ ሰታቴ ውስጥ ደፍቶ አማሰለው። እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል?

ሽመናው ቆመ። ሽመናው ሲቆም የተጠነጠነውን ክር የሚወስደው የለም፤ ማጠንጠኛውም ቆመ። "ቤት ዋሉ ተባልን" አሉኝ እትዬ፤ ነጠላቸውን እያጣፉ። ዕድሜያቸው ለጡረታ ተቃርቧል፤ በየምክንያቱ ቤት ዋሉ ከተባሉት መሀል አንዳንዱ እዚያው እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ። አየሁት፤ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሆነ፤ እዋሻለሁ እንዴ?

ስልኬ መጥራት ጀመረ። እሱ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ስድስት ጊዜ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሻዬን ጠጣሁ። ደንበኛዬ "አታነሺውም እንዴ?" ሲለኝ "ይጥራ፣ ጥሪው ደስ ይለኛል" አልኩት።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ጥዋት፣ ደጄ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመው አገኘሁ። ሽማግሌ ልኮብኛል። አንዱ የእድራችን ሰብሳቢ፣ አንዱ የሰፈራችን ቄስ፣ ሦስተኛዋ እትዬ ናቸው። እሳቸውን እምቢ እንደማልላቸው አውቆ ነው፤ ተንኮሉስ አይጣል ነው።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ" አልኩ።

"አንቀመጥም፤ ለጉዳይ ነው የመጣነው" አሉ ሰብሳቢው። ደንቡ ነው፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

እሺ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሰብሳቢው ስለ ይቅርታ ተናገሩ፣ ቄሱ ቀጠሉ። እትዬ የአንዱን እግር ክብደት ወደ ሌላው ያዛውራሉ፣ ግድግዳውን በእጃቸው ይደገፋሉ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ቢሆንም ይቁሙ አልኩ በሆዴ፤ የላካቸው እሱ ነው፣ ይበለው። በመጨረሻ ተናገርኩ።

"ይቅር እላለሁ። ግን በጓዳ አይደለም። ሥራዬን የወሰደው በሰው ፊት ነው። ሽመና አዳራሹ ውስጥ፣ ሥራ አስኪያጁ ባሉበት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ የሷ ነው ይበል። ያኔ አስተካክለዋለሁ።"

ወንዶቹ ተያዩ። ከበደባቸው። እትዬ ግን ከግድግዳው ቀና አሉ።

"ሀቋ ነው" አሉ። "የሰው ሀቅ በልቶ በጓዳ አፉ በይኝ የለም። በሰው ፊት የወሰደ በሰው ፊት ይመልስ።"

እግራቸውን ስሜ አስቀመጥኳቸው።

ሰኞ በሰርቪሱ አብረን ወረድን። ሠራተኛው ሁሉ ተጠርቷል። አዳራሹ ገብቼበት የማላውቀው ቦታ መሰለኝ፤ ከመኪናዎቹ ጩኸት የተነሳ እዚያ ቤት ሰው ሳይጮህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። የማጠንጠኛ ክፍል ሠራተኞች ከፊት ቆመዋል፣ እትዬ መሀላቸው ናቸው። ግድግዳው ላይ ያ የእኔ ሥዕል ወጥቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ግልጽ ይሁን ብለው ነው። ያ ሰው ወደ ፊት ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይህ አሠራር የኔ አይደለም" አለ። "የሷ ነው። የራሴ ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው።"

"አልተሰማም!" አለች አንዷ ከኋላ። ደገመው። ቢሠልሰውም አልጠላሁም ነበር። አሥራ አራት ወር የያዝኩት ነገር ከደረቴ ላይ ወረደ፤ እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሠራተኛው አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨበጡና ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁኝ።

"ለመሆኑ አንቺ እንዴት አሰብሽው?"

አፌን ከፈትኩ። "ከራሴ ነው ያፈለቅሁት" አልኩ። "ብዙ ጊዜ አሰላስዬበታለሁ።"

ቃል በቃል። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ያ ሰው ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱም ሰምቶታል። እኔ ግን ያየሁት እትዬን ነው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚያዩት ሥዕሉን ነበር። ቀዩን መደርደሪያ፣ ሰማያዊውን፣ መሀል ላይ ያለውን በርሜል፣ በር ላይ የቆመውን ሰው። በር ላይ የቆመው ሰው እኮ ወንድ አይደለም፤ ስሥለው ሻሽ አልብሼዋለሁ። ለምን ብዬ እንደሣልኩት እንኳ አላስታውስም። እትዬ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እንደ ሌላው ሰው አጨበጨቡ።

ሥራው ራሱ ከሰዓት በፊት አለቀ። ገጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ የአሮጌዎቹንና የአዲሶቹን ፎልደር ቤቴ ካስቀመጥኩት ቅጂ መለስኩ፣ ለትናንሾቹ ሦስተኛ ፎልደር ከፈትኩ። በረኛው ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። የነበረውን አልነካሁም። አዳራሹ ጮኸ፣ ሠራተኛው ወደየመኪናው ሄደ። እኔን እዚያው ቋሚ አድርገው ቀጠሩኝ፤ እሱን ወደ ሌላ መምሪያ አዛወሩት። ያሰብኩት ሁሉ ሆነ።

ማታ በሰርቪሱ ሐረጎን ስንወጣ እትዬ በመስኮቱ በኩል ነበሩ። አጋማሽ ላይ ስንደርስ ወደኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ያ ሥዕል ላይ በር ላይ የቆመችው ማን ናት?"

"እንዲሁ ናት፣ እትዬ" አልኳቸው። "ለማሳያ ነው።"

"እንዲሁ ናት?" አሉ። "እንዲያ ነው።" ወደ መስኮቱ ተመለሱ፤ ዚክራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሽማግሌ ይልኩብኛል ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው፤ ሀቁን የተበላ ሰው ቆጥሮ፣ ጠብቆ፣ ቀን ጥሎለት ይመጣል። እትዬ ግን ጥዋት ጥዋት አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። "እትዬ፣ ያ ነገር የእርስዎ ነው" ለማለት ከሐረጎ አናት እስከ ኮምቦልቻ በቂ መንገድ ነበር። በየቀኑ ነበር። ለዚያ ሰው ያወጣሁለት ደንብ ግን ያለው "በሰው ፊት" ነው፤ አዳራሹ ደግሞ እዚያው አለ፤ በየቀኑ እገባበታለሁ።

ወሩ ሳያልቅ አንድ ቅዳሜ ደጄ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ናቸው፤ ብቻቸውን። 

"ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም፤ ለጉዳይ ነው የመጣሁት።"

በሩን ይዤ ቆምኩ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ይምጣ ብቻ አልኩ፤ ቢሰድቡኝ እንኳ ቀለል ይለኝ ነበር።

"ያ ሥዕል ላይ" አሉ፣ "ሦስተኛው መደርደሪያ ምን ቀለም ነበር?"

"ቢጫ።"

"ቢጫ። አዎ፣ ቢጫ መስሎኛል። የጾሙን ዕቃ ልናስቀባው ነው፤ ቀለሙ ጠፍቶን ነበር የከረመው። ቢጫ ጥሩ ነው፣ ከሩቅ ይለያል። እንዳስቀባው ትፈቅጂልኛለሽ?"

"እትዬ፣ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል?"

"ኧረ ያስፈልጋል። ያንቺ ነዋ" አሉኝ፤ ረጋ ብለው። "የሰው ሀቅ አልበላም።" ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

በማግስቱ የእድር ስብሰባ ነበር። የዕቃ ቤቱ ሪፖርት ተራ ሲደርስ እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ከእኛ ፋብሪካ የሚሠራውም ብዙ ነው። የተሰበረውን ብርጭቆ ተናገሩ፣ የጎደለውን አግዳሚ ተናገሩ፣ በመጨረሻ "የጾሙን ዕቃ ቢጫ አስቀብተነዋል" አሉ። "ቀለሙን ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። ከዚች ልጅ ነው ያገኘሁት።" ስሜን ከነአባቴ ጠርተው በእጃቸው አሳዩኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝና አጨበጨበ።

ይህ በቀል ከሆነ ከእኔ የባሰ ቂመኛ አገኘሁ ማለት ነው። በቀል ካልሆነ ደግሞ ለእኔ የከፋ ነው። እትዬ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ወደኔ ዞረው "የምትጨምሪው አለሽ?" አሉኝ። ሁሉም ይጠብቃል፤ እትዬም ይጠብቃሉ።

"የለኝም" አልኩ።